ጓያ፤ በረኀብ ዘመን የሚያኖርና ጉልበት የሚሰብር እህል

ከእህል ዘር ሁሉ ለድኻው ገበሬ እንደ ጓያ የሚታገሥለት ጥቂት ነው። ክረምቱ አልፎ ውሃው ከዋልካው መሬት ላይ ሲሸሽ፥ ገበሬው እርሻውን ብዙ ሳይደጋግም ዘሩን ይበትነዋል፤ ጓያውም በአፈሩ ውስጥ በቀረው ርጥበት ብቻ በቅሎ፥ አብቦ ያፈራል። ዝናብ ቢቀርበት ይታገሣል፤ ውሃ ቢተኛበትም እንደ ሌላው እህል ፈጥኖ አይጠፋም። ስንዴው በውርጭ፥ ገብሱ በበረዶ በተመታበት ዓመት ጓያው ቆሞ ይገኛል። ከፍሬውም ሩብ የሚያህለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ስለ ሆነ፥ ሥጋና ወተት ለማይታይበት ቤት ትልቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን ይኸው አኗሪ የሆነ እህል፥ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ለብቻው ወራት ሙሉ ሲበላ፥ ጤነኛውን ጎልማሳ በጥቂት ቀን ውስጥ ምርኩዝ ያስይዘዋል። በጎንደር፥ በጎጃም፥ በወሎና በሸዋ የሚኖረው ሕዝባችን ጓያ ሰው እንደሚሰብር ከአባት ለልጅ ሲነጋገር ኖሯል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ ሐኪሞች በየመንደሩ ቤት ለቤት እየዞሩ በጠየቁና በመረመሩ ጊዜ ስለዚህ ነገር ምን እንዳገኙ፥ ያገኙትም ነገር ለቤት እመቤትና ለቤተሰብ አባት ምን ምክር እንደሚሰጥ ነው።

ሕመሙ ምን ዓይነት ነው?

ጓያ የሚያመጣው ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ላቲሪዝም ይባላል። ይህንንም ስም እ.ኤ.አ. በ1873 ዓ.ም. ካንታኒ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም አወጣለት። አጀማመሩ ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ነው። ሰውዬው ማታ በሰላም ተኝቶ ጧት ሲነሣ፥ ወይም ከባድ ሥራ ሲሠራ ውሎ ሲመለስ፥ እግሮቹ እንደ ድንጋይ ይከብዱታል፤ ባቱን ያኮማትረዋል፤ ጉልበቱም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ እግሮቹ ይደርቁና በሚራመድበት ጊዜ አንዱ ከሌላው ፊት እንደ መቀስ ይጠላለፋል፤ ተረከዙ መሬት መርገጥ ይሳነዋል፤ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይሄዳል።

ሐኪሞቹ የሕመሙን ክብደት የሚለኩት በምርኩዝ ቍጥር ነው። አንዳንዱ እያነከሰ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፤ ሌላው አንድ ምርኩዝ ይይዛል፤ የባሰበት ሁለት ምርኩዝ ይዞ ይቆማል፤ ከሁሉ የከፋው ግን መቆም ተስኖት በእጁና በመቀመጫው እየዳኸ ይኖራል። አእምሮው አይናወጥም፤ አንደበቱም አይታሰርም፤ ዕድሜውም በዚህ ሕመም ምክንያት አያጥርም። እንግዲህ የሃያ ዓመት ጎልማሳ አእምሮው ሙሉ እንደ ሆነ፥ ሞፈር ለመጨበጥ ሳይችል አርባና ኀምሳ ዓመት ሊኖር ነው ማለት ነው። የተሰበረውን የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የእግሩን መድረቅ ጥቂት የሚያላላ ብቻ አለ። ስለዚህ በዚህ ሕመም ላይ ያለን ኀይል ሁሉ በመከላከል ላይ ነው።

ከጥንት የታወቀ ነገር

ይህ መከራ የአገራችን ብቻ አይደለም። የግሪኮች የጥንት የሕክምና መጻሕፍት፥ በአይኖስ ከተማ ሳያቋርጡ ጥራጥሬ ይበሉ የነበሩ ሰዎች እግራቸው እንደ ደከመ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1671 ዓ.ም. በጀርመን አገር የዉርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት በዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በዐዋጅ ከለከለ። በህንድ አገር ባለ ርስቶች ለቀን ሠራተኛው ደመወዙን በጓያ ይከፍሉት በነበረባቸው ቦታዎች ብዙ ድኻ ተሰብሮ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. መንግሥቱ ሽያጩን ቢከለክልም፥ ሌላ የሚበላው የሌለው ሰው መብላቱን አልተወም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር ቫፕኒያርካ በሚባል የእስረኞች ሰፈር፥ አይሁድ እስረኞች በየቀኑ 400 ግራም የሚያህል ጓያ እየተቀቀለ ይሰጣቸው ጀመር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ እግራቸው እየደረቀ የወደቁት በመቶ ይቈጠሩ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርቱር ኬስለር የሕመሙ ምክንያት ምግቡ መሆኑን ዐወቀ፤ ከእስር ከወጣም በኋላ ሕመምተኞቹን ለብዙ ዓመት ተከታተላቸው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ሕመሙ የአንድ ዘር ወይም የአንድ አገር ርግማን ሳይሆን፥ ማንኛውንም ሰው ጓያ ብቻ ቢያበሉት የሚያገኘው መሆኑን ነው።

መርዙም ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የህንድ ሊቃውንት ከጓያው ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ በሚባል አጭር ስም የሚጠራውን ነገር ለይተው አወጡ። ይህም ከአንጎል ወርደው በኅብለ ሰረሰር በኩል እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ከመጠን በላይ እያነሣሣ የሚያደክምና የሚያጠፋ ነው።

ምርመራው ወደ ማድ ቤት ገባ

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ስለ ተነሣው የጓያ ሕመም የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1978 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በጣና ዙሪያ በደንቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየዞሩ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ እንደ ተገለጠው፥ ከአንድ ሺህ ሰው መካከል ስድስት ያህል በጓያ ምክንያት የተሰበረ አገኙ፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ቍጥሩ ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር።

ከዚያም በሰሜን ወሎ በደላንታና ዳውንት ከባድ ጊዜ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ ጓያው ቀረ፤ ሕዝቡም እርሱን በልቶ ከሞት ዳነ፤ ነገር ግን ከ2000 የሚበልጥ ሰው ተሰበረ። ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁንና አብረዋቸው የሠሩት ሊቃውንት፥ ከእነዚህም መካከል በቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ፌርናንድ ላምቤይን፥ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳወቁ።

ከዚህ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁሉም ጓያ በልቷል፤ ታዲያ አንዱ ሲሰበር ሌላው በእግሩ የቆመው ስለ ምንድን ነው? ይህንንም ለማወቅ በቤተ ሙከራ ከመቀመጥ ይልቅ ወደ የቤቱ ገብተው፥ ጓያው በምን ዓይነት እንደ ተዘጋጀ፥ ከምን ጋር እንደ ተቀላቀለ፥ ማን ምን እንደ በላ እናቶችን ጠየቁ። የታመመበትን ቤትና ያልታመመበትን ቤት አስተያዩ።

ያገኙትም ይህ ነው። ጓያውን በእሸትነቱ የበሉ፥ በንፍሮ የበሉ፥ በቆሎ የበሉ ሰዎች ለሕመሙ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። እንደ እንጀራ አቡክተውና አቡክተው ጋግረው፥ በቂጣ ወይም በወጥ የበሉት ግን እንዲህ ያለው አደጋ አልታየባቸውም። ደግሞም ጓያው ከጤፍ፥ ከገብስ፥ ከስንዴና ከመሳሰለው እህል ጋር ሲቀላቀል አደጋው ቀነሰ፤ ወጡም እንደ ሽንኩርትና እንደ ዝንጅብል ያለ ቅመም ሲገባበት እንዲሁ። ከታመሙትም የሚበዙት ወንዶች፥ በተለይም ልጆችና ጎረምሶች ነበሩ።

እነዚህን ነገሮች የገጠርን ኑሮ ከሚያውቅ ሰው ጋር አብረን ስናያቸው ነገሩ ይገለጥልናል። እሸት የሚጠረጥረው በመስክ የሚውል ልጅ ነው፤ ቆሎ በኪሱ ይዞ ከከብት ኋላ የሚሄደው እረኛ ነው። ወጥና እንጀራ በማዕድ ዙሪያ በጋራ ይበላል፤ ቆሎና እሸት ግን እናት ሳታይ ከጧት እስከ ማታ ይበላል።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ?

የሰው ሰውነት ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ብዙ ክፍሎች ነው። ጓያ ከእነዚህ አንዳንዶቹን አትረፍርፎ ሲይዝ፥ ሰልፈር ያለባቸውን ግን እጅግ ጥቂት ብቻ ይዟል። እነርሱም ሰውነታችን ነርቮቹን ከመርዝ የሚጠብቅበትን ኀይል የሚሠራባቸው ናቸው። እንግዲህ ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው በአንድ ወገን መርዙን ይቀበላል፤ በሌላው ወገን መርዙን የሚከላከልበት ስንቅ ይጐድልበታል። ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስ፥ ማሽላ በአንጻሩ ጓያ የጐደለውን ይዘዋል። ስለዚህ እህሉ ከጥራጥሬው ጋር ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ድርቅም በሁለት መንገድ ይጐዳል። ዝናብ ባጠረ ጊዜ በጓያው ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ከፍ ይላል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ከጓያው ጋር የሚቀላቀለው እህል ይጠፋል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጓያ የዕለቱን ምግብ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለሁለትና ለሦስት ወር ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ሲበላ ነው። በአንጻሩ በደኅና ዘመን አልፎ አልፎ በጓያ ሽሮ እንጀራውን የሚበላ ሰው የሚያስፈራው ነገር የለም።

ስለ እንፋሎቱ

በብዙ ቦታ ሕዝቡ፥ ጓያ የሚሰብረው በሚቀቀልበት ጊዜ የሚወጣው እንፋሎት ሲነካ፥ ወይም ሰው በጓያ ገለባና በጓያ ማሳ ላይ ሲሄድ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህም እናት ድስቱ ሲፈላ ልጇን ከምድጃው ታርቀዋለች። ይህ የእናት ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ወደ ሌላ መንገድ ሄዶባታል። ከእንፋሎቱ ያራቀችው ልጅ የዚያኑ እህል ቆሎ በኪሱ ሞልቶ ከወጣ፥ እግሩን የሚሰብረው አብሮት ወጥቷል ማለት ነው። እንፋሎቱም ገለባውም ሰው አይሰብሩም፤ የሚሰብረው መብሉ ነው። ሕመሙም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ቢታመም፥ ከአንድ ሞሰብ ስለ በሉ ነው እንጂ አንዱ በሌላው ስለ ተለከፈ አይደለም። ስለዚህ በጓያ የተሰበረውን ሰው መሸሽ ወይም በቤተሰቡ ላይ ርግማን አለ ማለት ታላቅ ግፍ ነው።

ጾምና ጓያ

አንባብያን፥ በጾም ወራት ማዕዳችን ጥራጥሬ ስለሚበዛበት ይህ ነገር ጾመኛውን ያሰጋው ይሆን ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የጾም ማዕድ እንደ ሥርዐቱ ሲዘጋጅ ከሊቃውንቱ ምክር ጋር የሚስማማ ነው። እንጀራው ከጤፍ ነው፤ ሊጡም ቦክቷል፤ ሽሮው ከአተርና ከሽምብራ ከባቄላም ተቀላቅሎ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበታል፤ ጐመኑም ምስሩም አጠገቡ አለ። አያቶቻችን ስለ አሚኖ አሲድ ሳይሰሙ ያቆዩልን ይህ መቀላቀል ጓያውን ሳይቀር ይገራዋል። አደጋው የሚመጣው ሞሰቡ ሲራቈት፥ ጤፉም ሽንኩርቱም ጠፍቶ ጓያው ብቻውን ሲቀር ነው። ያ ደግሞ ጾም ሳይሆን ረኀብ ነው፤ ሁለቱንም ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ለቤት እመቤቶች ምክር

እንግዲህ ጓያ በቤታቸው ለሚገኝ እናቶች ምክሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ጓያውን ከማብሰል በፊት በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውሃውን መድፋት ይገባል። ከዚያም ቀቅሎ የመጀመሪያውን ውሃ ደግሞ መድፋት ነው። መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ ከፍ ያለው ክፍል ከውሃው ጋር ይሄዳል። ውሃን ከሩቅ ወንዝ በጀርባዋ ለምትቀዳ እናት ይህን ውሃ መድፋት ቀላል እንዳይደለ እናውቃለን፤ ነገር ግን በክፉ ዓመት ከዚህ የሚበልጥ የውሃ ጥቅም አይገኝም።

ሁለተኛ፥ ጓያን በቆሎ፥ በንፍሮና በእሸት የዘወትር ምግብ አለማድረግ ነው። መቁላት መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። ለእረኛው ልጅ ስንቅ የሚቋጠር ከሆነ የገብስ ወይም የስንዴ ቆሎ ይቋጠርለት፤ እርሱም ካልተገኘ የተቀላቀለ ቂጣ ይያዝ።

ሦስተኛ፥ ጓያውን በሚያስፈጩ ጊዜ ከጤፍ፥ ከገብስ፥ ከስንዴ፥ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ከተገኘው ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨትና አቡክቶ መጋገር ነው። የእህሉ መጠን ከጓያው መጠን ቢበልጥ መልካም ነው፤ እህሉ ጥቂት ቢሆን እንኳ ያለውን በአንድ ሳምንት ጨርሶ ለሁለት ወር ጓያ ብቻ ከመብላት፥ በየቀኑ በጥቂት በጥቂት እየቀላቀሉ ማድረስ ይሻላል።

አራተኛ፥ ወጡ ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አይለየው። በጓሮ ጥቂት መደብ ሽንኩርትና ጐመን መትከል ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለጤና ነው።

ዐምስተኛ፥ ከቤተሰቡ አንዱ እግሬ ከበደኝ፥ ባቴን አኮማተረኝ፥ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ ያለ እንደ ሆነ፥ በዚያው ቀን ጓያውን አስትቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የጠፋው ባይመለስ እንኳ የባሰው እንዳይመጣ ይረዳል። ከባድ ሥራም በዚያ ጊዜ ባይሠራ ይሻላል።

በእርሻ በኩል ደግሞ ሊቃውንት መርዙ ጥቂት የሆነ የጓያ ዘር እያወጡ ነው፤ ዋሴ የሚባለው ዘር በአገራችን ከነዚህ አንዱ ነው። ንብ ግን ከማሳ ወደ ማሳ እየዞረች አበባውን ስለምታዳቅለው፥ አዲሱ ዘር ከአሮጌው አጠገብ ሲዘራ ከዓመት ወደ ዓመት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተመካክሮ ቢዘራ ይጠቅማል።

የአንድ ቁና እህል ዋጋ

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ በእናት እጅ ያለውን ነው። ነገር ግን እናት የምትቀላቅለው እህል ከሌላት ምክር ብቻውን ምን ይረባታል? ሊቃውንቱም ይህን አልዘነጉትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. በላንሴት መጽሔት በጻፉት ጽሑፍ፥ ጓያ በሚበላበት አገር ረኀብ ሲመጣ ለርዳታ የሚላከው እህል ስንዴና የመሳሰለው ሆኖ፥ ሕዝቡ ጓያውን ብቻውን ለመብላት ከመገደዱ በፊት ቢደርስ የብዙውን ሰው እግር እንደሚያድን አመልክተዋል። እንግዲህ በዚህ ሕመም ላይ መድኃኒቱ ከፋርማሲ አይመጣም፤ ከጎተራ ነው የሚመጣው።

እኛም ከዚህ ተነሥተን ጎተራ ላላቸው ቤተሰቦች አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየአጥቢያው ማኅበር አለ፤ ሰንበቴ አለ፤ እድር አለ። አዝመራው ባማረበት ዓመት እያንዳንዱ ማኅበርተኛ አንድ አንድ ቁና ስንዴ ወይም ገብስ ቢያስቀምጥ፥ በክፉው ዓመት ጓያ ብቻ የቀረበት ጎረቤት መጥቶ አንድ ቁና ጓያውን ሰጥቶ አንድ ቁና እህል ይወስዳል። ድኻው ለምኖ አላፈረም፤ ለውጦ ሄደ። ባለጸጋውም አልከሰረም፤ የወሰደውን ጓያ ከብዙ እህልና ከብዙ ጥራጥሬ ጋር ቀላቅሎ ያለ ስጋት በሽሮ ይበላዋል። በድኻው ቤት ብቻውን ሆኖ ጉልበት የሚሰብረው እህል፥ በሁለት ቤት ሲካፈል ለሁለቱም ምግብ ይሆናል።

ይህ ልውውጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜውን ማወቅ ግን ይጠይቃል። ጎረቤቱ ምርኩዝ ከያዘ በኋላ የሚመጣ መቶ ቁና ስንዴ ረኀቡን ያስታግሥለታል እንጂ እግሩን አይመልስለትም። ስለዚህ ዝናቡ ባጠረበትና ውርጭ በወረደበት ዓመት፥ በመንደራችን በማን ቤት ጓያ ብቻ እንደሚበላ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ልጆቻቸውም በኪሳቸው ምን ቆሎ ይዘው እንደሚወጡ እንመልከት፤ ቁናውንም ያን ጊዜ እናውጣ።